በር ያላት መርከብ

ባለፈው ሰኔ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ ወደ ከተማ የሚወስደኝ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ባጃጁ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለነበር የጎኑ ላስቲክ ግሏል፤ ሹፌሩ ደግሞ ሚንት ማስቲካ ያኝካል። የጋለ ፕላስቲክና የሚንት ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲደርስ ሳላስበው ሳቅሁ።

«ምነው እህቴ፣ ምን አሳቀሽ?» አለኝ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ።

ለማላውቀው ሰው ረጅም ነገር ማውራት አሁንም ይከብደኛል። «አንድ መርከብ ትዝ አለችኝ» ብቻ አልኩት።

«መርከብ? ባሮ ላይ?»

«አዎ።»

«ኧረ የኔ እናት፣ ባሮ ላይ መርከብ ከቀረ ስንት ዘመኑ!» አለና እሱም ሳቀ። መንገዱን ሁሉ ሌላ ነገር አላወራንም። ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ያን ክረምት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ነርስ ናት። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ተዛውራ ሁለታችን የመጣነው የካቲት ላይ ነው፤ ሙቀቱ በሚበረታበት ወር። ጎሬ ጭጋጋም ናት፤ ጠዋት ስትወጣ ትንፋሽህ ቀድሞህ ይሄዳል። ጋምቤላ ግን የቤታችን ቆርቆሮ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሙቀቱ ሲወጣለት እየተንጣጣ ያመሻል። እኔ ቆርቆሮው ላይ የሆነ ሰው የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ግን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ብዙ ነገር አልነግራትም ነበር። ለእሷ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስ ከ«አቤት» በቀር ድምፄን የሰማ ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዝምታዬ ግን ሐዘን አልነበረም። እያየሁ ነበር። ማንጎ ከዛፉ ወርዶ ቆርቆሮ ላይ ሲፈነዳ፣ ሴቶች ጭንቅላታቸው ላይ እቃ ተሸክመው እጃቸውን ሳያነሱ ሲስቁ፣ ባሮ ክረምት ሲገባ ሻይ በወተት መስሎ ሲሞላ አያለሁ። ሁሉንም እወደው ነበር። እወደዋለሁ ብዬ ያልተናገርኩት ከፊቴ ላይ የሚነበብ ስለመሰለኝ ነው። ሰው የሚያስበው ነገር ግንባሩ ላይ ይጻፋል ብዬ አምን ነበር፤ የእናቴን ድካም እኔ ከግንባሯ አነበው አልነበር?

እናቴ ግን ከእኔ ፊት ያነበበችው ሌላ ነው። በሙቀቱ ሰውነቴ ሽፍ ብሎ ነበር፤ ወባም አንድ ጊዜ ጥሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት የተኛሁ መስሏት ጎሬ ላለችው ታላቅ እህቷ ስልክ ስትደውል ሰማኋት።

«እትዬ፣ ቤዛ ደርቃ ቀረችብኝ። አትጫወት፣ አታወራ። አየሩም ሰዉም አልተስማማት። ለመስከረም መጥተሽ ውሰጂልኝ። እኔማ ሥራዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ትልልቅ ሰዎች የወሰኑት ነገር እንደ ዝናብ ነው፤ «አትዝነብ» አይባልም።

በዚያው ሰሞን ነው ጡቦቹ የመጡት። ከእናቴ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ የልጆቹን መጫወቻ ለእኔ ላከልኝ፤ በትራስ ልብስ የታጨቁ፣ እርስ በርስ የሚገጣጠሙ ትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፤ አንድ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ በርም አለች። ከመሃላቸው አንድ የተቀደደ ወረቀት ወጣ። አሠራሩን የሚያሳየው ክፍል ጠፍቶ የቀረው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነበር፤ ሦስት ነጫጭ ጨርቅ የዘረጋች መርከብ፣ በአንድ ጎኗ ዞራ።

በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሥዕሉን ሳይ አንድ ጥላ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ቀና ስል የጎረቤታችን ልጅ አሪየት ናት። በእድሜ እኩያዬ፣ በቁመት ግን በአንድ ራስ ትበልጠኛለች። ቤታቸው ከቤታችን ጋር አጥር ብቻ ነው የሚለየው፤ በዚያ አጥር ሽንቁር ለወራት ስንተያይ ቆይተናል። አሪየት አኝዋክ ናት፤ አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ በምታውቃት ግን ያለ ስስት ትጠቀምባት ነበር።

«ምንድን ነው?» አለች።

ወረቀቱን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው።

«ጀልባ ነው። ሰዎቹ ንጹሕ ናቸው» አለች። «ሦስት አንሶላ አጥበው አስጥተዋል።»

እኔም ልክ ያንኑ አስቤ ነበር። ሌላ ሰው እኔ ያሰብኩትን ነገር ጮክ ብሎ ሲናገረው የሰማሁት ያን ቀን ይመስለኛል። ጠጋ አልኩላት፤ ተቀመጠች። መርከቧን መሥራት የጀመርነው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ጠብ ወዲያው መጣ። አሪየት ከቁርጥራጭ ጀልባ አይሠራም አለች። «ጀልባ ከአንድ እንጨት ነው። ትልቅ ዛፍ ይቆረጣል፣ ሆዱ ይወጣል፣ አለቀ። ይሄ ግን ብጥስጣሽ ነው። ይሰምጣል።» ይህን የምትለው ዝም ብላ አልነበረም። አያቷ አባባ ኡሞድ ጉልበታቸው እንቢ እስኪላቸው ድረስ ታንኳ ጠራቢ ነበሩ። አሁን ከማንጎው ሥር ዝቅተኛ መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ይዳኛሉ። እኛም ለዳኝነት ሄድን።

አባባ ኡሞድ ጡቧን በጣታቸው መሃል አሽከረከሯት። «እኔ ልጅ ሳለሁ» አሉ፣ ቃሉን እየመረጡ፣ «ከካርቱም መርከብ ትመጣ ነበር። ትልቅ። ከሩቅ ስትጮህ ልጆች ሁሉ በዳር በዳር እንሮጣለን። እሷም ቁርጥራጭ ናት። ብረትና ምስማር። ግን መጣች።»

«የዚህስ ምስማሩ የታለ?» አለች አሪየት።

ጡቧ ላይ ያሉትን ጉብታዎች አሳዩዋት። «ይኸው። ምስማሩ አብሮት ተወልዷል።»

ስለ አንሶላዎቹም ጠየቅናቸው። ነፋስ የሚገፋው ሸራ ነው አሉን። አሪየት አላመነችም። «መቅዘፊያ የላቸውም? ሰነፎች ናቸው» አለች። አያቷ ሳቁና ጉልበታቸውን አሹ።

«ታንኳ የሠራ ሰው ከወንዙ አይርቅም» አሉ። «እኔን እዩኝ። ልጆቼ አዲስ አበባ ና አሉኝ። አልሄድኩም። ታንኳ የሠራ ሰው ከወንዙ አይርቅም።»

ሽማግሌው ስለ ራሳቸው ነበር የሚያወሩት። እኔ ግን ሕግ ሰማሁ። እንደ ትምህርት ቤት ሕግ፣ እንደ ሆስፒታል ሕግ፤ ማንም፣ አክስቴም ብትሆን፣ የማይሽረው። መስከረም ሳይጠባ ይህች መርከብ ውሃ ላይ ከቆመች ማንም ከባሮ ሊያርቀኝ አይችልም ማለት ነው። ለአሪየት አልነገርኳትም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታው ለእኔ ጨዋታ አልነበረም።

ጡቦቹን በመልክና በመጠን ለይቼ በረንዳው ላይ ደረደርኳቸው። በመጀመሪያ የሠራነው ሆድ ገና ስናነሳው ከመሃሉ ለሁለት ተከፈለ። በዚያን ጊዜ ከቤታችን ፊት ለፊት ግንበኞች የብሎኬት አጥር ይሠሩ ነበር። ቁጭ ብዬ አየኋቸው። አንዱን ብሎኬት የሚያስቀምጡት ከታች ሁለቱ በሚገናኙበት መሃል ላይ ነው፤ ስንጥቅ በስንጥቅ ላይ አይውልም። ተመልሼ ሆዱን እንደዚያው ገነባሁት፤ እያንዳንዷ ጡብ ከሥሯ የሁለት ጡቦችን እጅ ይዛ። አሪየት አነሳችው፣ አወዛወዘችው። አልተከፈለም።

«ማን አሳየሽ?» አለች።

ወደ አጥሩ ጠቆምኩ።

«አፍ የለሽም፣ ዓይን ግን አለሽ» አለችኝ። ለእኔ ትልቅ ምስጋና ነበር።

ቀጥሎ ያስቸገረን የመርከቧ ሌላኛው ጎን ነው። ሥዕሉ የሚያሳየው አንዱን ብቻ ነው። ወረቀቱን ገልብጠን በፀሐይ አየነው፤ ከጀርባው ምንም የለም። እኔ ሁለቱም ጎኖች አንድ ዓይነት ይሆናሉ ብዬ አስብ ነበር። አሪየት ግን ትንሿን በር አነሳች። «እዚህ ጋ በር አለ» አለች በእርግጠኝነት። «ለዚህ ነው በዚህ በኩል የማይታየው። ሰው በምን ይገባል? ቤት ያለ በር አለ?» እኔም በሩን ወደድኩት። በሆዷ ጎን፣ ከታች ከፍ ብሎ ቦታ አበጀንለት፤ ስንነካው ቀጭ እያለ ይከፈታል፣ ቀጭ እያለ ይዘጋል።

ከዚያ በስንጥቆቹ መሃል የሚገባው ውሃ መጣ። ሳፋ ውስጥ ስናስቀምጣት ቀስ ብላ ትጠጣ ነበር። አባባ ኡሞድ ከዛፍ ፍሬ የሚወጣውን ቅቤ ቀቡት አሉን፤ ታንኳቸውን ለማለስለስ የሚያውቁት እሱን ነው። ቀባን። ከሰዓት ፀሐይዋ ስትበረታ ቅቤው ቀለጠና መርከቧ ከእጃችን እንደ ዓሣ እያመለጠች ወድቃ ተበታተነች። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቅንቀው «ለእንጨት ነው ያልኩት» አሉ፤ ለእንጨት ግን አላሉም ነበር።

ማስቲካውን ያመጣችው አሪየት ናት፤ ሐሳቡንም፣ አኛኪዎቹንም። የሰፈሩን ልጆች በረንዳችን ላይ ደርድራ «ጣፋጩን ዋጡ፣ ሙጫውን ለእኛ ስጡ!» ትላቸዋለች። ሚንት የሚሸት ምራቅ፣ የጋለ ፕላስቲክ፣ ሃያ የምትሆን መንጋጋ አንድ ላይ ስትፈጭ። እኔ በጥፍሬ ስንጥቅ ስንጥቁን እየጠቀጠቅሁ እሞላለሁ። አንድ ቀን እናቴ ከሥራ ስትመለስ በዚህ መሃል ደረሰች። ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች፤ አንድ ትንሽ ልጅ ከአፉ አውጥቶ ማስቲካ ዘረጋላት። ገብታ ጫማዋን አወለቀች፣ ማስቲካ የተለጠፈበትን ሳፋ በጋዝ አጥባ መለሰችልን። በማግስቱ ለሸራችን ከሆስፒታል የተረፈ ቁራጭ ፋሻ አመጣችልኝ። ነፋሱ በፋሻው ቀዳዳ ሁሉ እያለፈ ስለሄደ በመጨረሻ ሸራዎቹን ከማዳበሪያ ቆርጠን ሠራናቸው። ፋሻው ግን አልተጣለም። ረጅሙ ምሰሶ ጫፍ ላይ ባንዲራ አደረግሁት።

መርከቧ ሳፋው ውስጥ ቆመች። በሯ ከውሃው በላይ ሆና፣ ቀጥ ብላ። አሪየት ጮኸች፤ እኔ ከንፈሬን ነከስኩ።

አክስቴ ዘነበች የመጣችው እንቁጣጣሽ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ከአውቶቡሱ ወርዳ ስትገባ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ውይ! ይሄ አየር ነው ወይስ የምድጃ አፍ?» አለች። ከሻንጣዋ ለእኔ በእጇ የሠራችውን አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ አወጣች። «ለጎሬ ብርድ» አለችኝ። አሪየት ሹራቡን በአንድ ጣቷ ነካችው። «በግ ነው?» አለች። «ሰው ለምን በግ ይለብሳል?» አክስቴ እስክታነባ ሳቀች። አክስቴን መጥላት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

መርከቧን ወንዝ የምናወርድበት ቀን እሑድ ሆነ፤ የአክስቴ አውቶቡስ ደግሞ ሰኞ ጠዋት። የሞላውን ባሮ ማንም ልጅ አይጠጋውም፤ አዞም አለ። እኛ የመረጥነው ባሮ ሞልቶ ከሰፈራችን በታች የተወው፣ ውሃው ከጉልበት የማያልፍ ሰፊ ኩሬ ነው። ለእኔ ከባሮ የመጣ ውሃ ስለሆነ ባሮ ነው። አባባ ኡሞድ በምርኩዛቸው መጡ። እናቴ ከአክስቴ ጋር ጥላ ይዛ መጣች። ማስቲካ ያኘኩት ሁሉ መጡ፤ ድርሻ አላቸውና።

አሪየት ተሳፋሪዎቹን በቅጠል ጠቅልላ አመጣች። ከጭቃ ሠርታ በፀሐይ ያደረቀቻቸው ሰዎች ናቸው፤ አያቷ ከነመቀመጫቸው፣ እናቴ ከነነጭ ኮፍያዋ፣ አሪየት ራሷ፣ እና እኔ። እኔን ያለ አፍ ነበር የሠራችኝ። ዓይኖቼን ግን ሁለት ትልልቅ ጉድጓድ አድርጋቸዋለች። አንድ በአንድ መርከቧ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ቀና ስትል አክስቴን አየቻት።

«እንግዳዋስ?» አለች። «እንግዳ ውጭ ይቀራል?»

ሳንከለክላት ከኩሬው ዳር እርጥብ ጭቃ ዘግና አክስቴን ሠራቻት።

«ኧረ ወፍራም አደረግሽኝ!» አለች አክስቴ።

«ትልቅ ሰው ነሽ። ትንሽ አድርጌ ልሥራሽ?» አለች አሪየት። ለማክበር ነበር።

ቦታ ግን አልነበረም። አሪየት አሰበች፤ ከዚያ የጭቃዋን ቤዛ፣ እኔን፣ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችኝ። «እንግዳ ቆማ ልጅ አይቀመጥም። ነውር ነው። አንቺ ተነሺ።» የጭቃዋ አክስቴ በእኔ ቦታ ተቀመጠች።

መርከቧን በሁለት እጄ ውሃው ላይ አኖርኳት። ነፋስ መጣ። ማዳበሪያዎቹ ሆዳቸውን ነፉ፤ ማንም ሳይነካት፣ ማንም ሳይቀዝፍ፣ ሄደች። «ትሄዳለች!» አለች አሪየት በሹክሹክታ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሸራ የሚባል ነገር አላመነችም ነበር። አባባ ኡሞድ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

ከዚያ መርከቧ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለች። እርጥብ ጭቃ ከባድ ነው፤ አክስቴ ደግሞ በበሩ በኩል ነበር የተቀመጠችው። በሳፋው ውስጥ ከውሃው በላይ የነበረችው በር ውሃውን ነካች። ስንጥቅ ሁሉ በማስቲካ ደፍነን በሯን ግን እንድትከፈት ብለን ትተናታል። ቀጭ ብላ ተከፈተች፤ ውሃው እንደተጋበዘ ሰው በበሩ ገባ። መጨረሻ ላይ የታየችው የፋሻዋ ባንዲራ ነች።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አሪየት ልብሷን ሰብስባ ወደ ውሃው ገባች። እኔ ግን እዚያው ቆሜ የማላውቀው ድምፅ ከውስጤ ሲወጣ ሰማሁ።

«አበቃ! ሰጠመች! አሁን ልትወስደኝ ነው!»

እናቴ ጥላውን ጣለችው። «ቤዛ? ማን ነው የሚወስድሽ?»

«አክስቴ! ብትንሳፈፍ አልሄድም ነበር! ታንኳ የሠራ ሰው ከወንዙ አይርቅም! አባባ ኡሞድ ናቸው ያሉት! አሁን ግን ሰጠመች!»

እናቴ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ትከሻዬን ያዘች።

«መሄድ አትፈልጊም?»

«አልፈልግም!»

«እዚህ… ደስ ይልሻል?»

«አዎ!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም የኔ ልጅ?»

«ታውቂ መስሎኝ ነበር።»

እናቴ ፊቴን በሁለት መዳፏ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ቀደም ብላ ያነበበችውን ነገር እንደገና እንደምታነብ ሰው። ያቺ እይታ ከእናቴ ከተቀበልኳቸው ነገሮች ሁሉ ትበልጥብኛለች።

አባባ ኡሞድ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። «ማን ነው መንሳፈፍ አለባት ያለው?» አሉ በቁጣ። «የሠራ ሰው ነው ያልኩት። የእኔ የመጀመሪያዋ ታንኳ ባሮ ውስጥ ሰጥማለች። አባቴ ውስጧ እያለ! ደብድቦኛል። ግን ሠርቻታለሁ። ይህችም ሠርታለች። አለቀ።» ከዚያ ወደ አሪየት ዞረው፣ ድምፃቸው በሳቅ እየተቆራረጠ፣ «ግን በር! ጀልባ ላይ በር! ከማን ተማርሽው አንቺ ልጅ?» አሉ።

አሪየት ከውሃው ውስጥ የምታንጠባጥበውን መርከብ ከፍ አድርጋ ያዘች። አልተበታተነችም። ስንጥቅ በስንጥቅ ላይ አልዋለምና።

አክስቴ ዘነበች ጥላውን አንስታ አራገፈችው። «እኔ ነኝ ለካ ያሰመጥኳት» አለች። «ልጅቷን ከቦታዋ አስነስቼ ዝርግፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ደግ አደረገችኝ።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች፤ «ይህች ናት አታወራም ያልሽኝ? ጆሮዬን እኮ አደነቆረችው!»

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘናት፤ እናቴ፣ አሪየትና እኔ። አክስቴ አውቶቡሱ በር ላይ ቆመች። «ባዶ እጄን እንዴት ልመለስ?» አለች። «ጎሬ ምን እላለሁ? ልጅ ላመጣ ሄጄ ሹራብ ይዤ መጣሁ ልበል?»

ከትናንት ጀምሮ ከእጄ አልለየኋትም ነበር። ከመርከቧ ስለወረደች ያልሰጠመችውን፣ አፍ የሌላትን፣ ዓይናማዋን የጭቃ ቤዛ ዘረጋሁላት። አክስቴ ተቀበለችኝ። አገላብጣ አየችኝ፤ አረንጓዴውን ሹራብ ከሻንጣዋ አውጥታ እንዳልሰበር ደህና አድርጋ ጠቀለለችኝ፤ ፊቴን ብቻ አስቀርታ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ በኩል ብቅ አደረገችኝና የሹራቡን አንድ እጅጌ ይዛ ወደ እኛ አወዛወዘችው።

«ቤዛ፣ ደህና ግቢ!» ብላ አሪየት ጮኸች፤ እኔም አብሬያት ጮህኩ።